የሣር ሕግና የዘውድ ሕግ፤ ከራቤል መልስ

ከሩቅ መንገድ የተመለሰ ሰው ያየውንና የሰማውን ለቤተ ሰቡ ሳያካፍል ወደ መኝታው መሄድ ልማዳችን አይደለም። እኛም ከጥምቀት በዓል በኋላ ከአዲስ አበባ ተነሥተን፣ በሰሜን ሸዋ የመንዝን ደጋ አቋርጠን፣ በግሼ ወረዳ እስከ ራቤል ከተማ ደርሰን ተመልሰናልና ከጕዞው ያገኘነውን ልናካፍላችሁ ወደድን።

የሄድነው ሀገር ለማየት ብቻ አልነበረም። በራቤል አቅራቢያ የሚኖሩት አክስታችን «ልጄ፣ ዐይኔ ሳይከደን ድረስልኝ፤ ወንድሞችህ ተለያይተውብኛል» ሲሉ ልከውብን ነበር። ባለቤታቸው ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኖአቸዋል። ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸውም አባታቸው በተዉት የገብስ ማሳና በጓሮው ባሕር ዛፍ ምክንያት ተጣልተው፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን እያስቀደሱ በአንድ ገበታ መቅረብን ትተዋል። ታላቁ ክስ ለመመሥረት ወረቀቱን አስጽፎ ጨርሶአል። ስለዚህ የእኛ ስንቅ የእርቅ ቃል ነበረ፤ እርሱንም ቢሆን ከየት እንደምናገኘው ሳናውቅ ነበር የተነሣነው።

ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከተማዋን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት፣ ከሰማይ በታየ ብርሃን ምክንያት እንደ ቈረቈሯት አንባቢያችን ያውቃል። ከዚያ በስተ ምሥራቅ ወደ አንኮበር የሚወስደው መንገድ ይገነጠላል። በደብረ ብርሃን አጠገብም ንጉሥ ምኒልክ በ1870 ዓ.ም. ለዐፄ ዮሐንስ የበላይነት የገበሩበት ልቼ ይገኛል። ከዚያም ጣርማ በር ይደረሳል። በዚያ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የተመለከተ ሰው፣ ገደሉ በጉም ተሞልቶ ባሕር መስሎ ያየዋል። ዋናው መንገድ ኢጣሊያኖች በቈፈሩት ዋሻ ሾልኮ ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ፣ የእኛ መኪና ግን ወደ ግራ ታጥፎ በመዘዞና በሞላሌ በኩል ወደ መሐል ሜዳ አመራ።

እነሆ መንዝ። ከጥንት ጀምሮ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር እየተባለ በሦስት ይከፈላል፤ ስሞቹም የሦስት አቅኚ አባቶች ስሞች ናቸው። ሜዳው ሰፊ፣ ነፋሱ ብርቱ፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብር ነው። ቤቱ የድንጋይ፣ እህሉ ገብስ፣ ሀብቱ በግ ነው። ከበጉ ጠጕር ሴቶች ይፈትላሉ፤ ሸማኔውም ባናና በርኖስ ይሠራል። መንገደኛ ይህን ቈጣቢና ጽኑ ሀገር ሲያይ፣ እስከ 1967 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ዙፋን ላይ የቈየው ቤት ከዚህ ሜዳ ተነሥቶ እንደ ነበረ በቀላሉ አያስበውም። እኛ ግን በጕዞአችን ሁሉ ስናስብ የነበረው ይህን ነው፤ ይዘነው የምንሄደው የወንድማማች ጠብ የዚያን ቤት ታሪክ አስታውሶናልና።

በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነገሥታቱ በጎንደር ተቀምጠው ሸዋ ርቆ በነበረበት ጊዜ፣ ነጋሲ ክርስቶስ ወረደ ቃል በመንዝ ውስጥ አጋንቻ በተባለ ስፍራ ተነሣ። የቤቱ ትውፊት ዘሩን ከዐፄ ልብነ ድንግል ልጅ ከአቤቶ ያዕቆብ ይቈጥራል፤ ይህም ያዕቆብ በኢማም አሕመድ ጦርነት ዘመን በመንዝ ተሸሽጎ ቀረ ይባላል። ነጋሲ የመንዝን ባላባቶች አስተባብሮ እጁን ወደ ይፋት ዘረጋ። ሹመቱን ለማጽናት ወደ ታላቁ ዐፄ ኢያሱ ወደ ጎንደር ሄዶ ሳለም በዚያው በፈንጣጣ ሞተ ተብሎ ይነገራል።

ከእርሱ በኋላ ስብስቴ፣ ዐቢየ፣ አምኃ ኢየሱስ፣ አስፋ ወሰን ተከታተሉ። መቀመጫቸው ከመንዝ ወደ ሐራምባ፣ ከሐራምባ ወደ አንኮበር እየተሻገረ ሄደ። መጠሪያቸውም ከፍ አለ፤ የቀደሙት መርዕድ አዝማች ይባሉ ነበር፤ ወሰን ሰገድ ራስ ተባሉ፤ ሣህለ ሥላሴ ንጉሥ ተባሉ። ቤቱ ዐቅሙ እየጐለበተ ሲሄድ ከበቀለበት ሜዳ እየራቀ ሄደ ማለት ነው።

ዳሩ ግን ይህ ቤት ከመጀመሪያው ያልዳነ አንድ በሽታ ነበረበት። ይኸውም አባት ሲያልፍ ማን ይውረስ፣ የቀሩትስ ወንድሞች ድርሻቸው ምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ ሁሉም የሚያምንበት ሕግ አለመኖሩ ነው። ስብስቴ ከወንድሞቹ ጋራ ተጣልቶ ገዛ። ወሰን ሰገድ በሕይወት ባሉት አባቱ በአስፋ ወሰን ላይ ዐመፀ። እርሱ ራሱ በ1805 ዓ.ም. በሰው እጅ በተገደለ ጊዜ፣ ታላቁ ልጅ በኩሬ ሳይደርስ ታናሹ ሣህለ ሥላሴ ከትምህርት ቤቱ ፈጥኖ ደረሰና ሥልጣኑን ያዘ። በኩሬም ጎንቾ ወደሚባለው አምባ ወርዶ ታሰረ። ሣህለ ሥላሴ እስከ 1840 ዓ.ም. ድረስ ሀገሩን በጥበብ አስተዳደሩ፤ በ1834 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መልእክተኛ ከካፒቴን ሐሪስ ጋራ ውል ተዋዋሉ። ነገር ግን በገዛ ዘመዶቻቸው እግር ላይ ሰንሰለት ነበረ። ያ መልእክተኛ በቈየበት ጊዜ ንጉሡ ልባቸው ራርቶ ሰባት የንጉሥ ዘሮችን ከጎንቾ እንደ ፈቱ ሐሪስ ጽፎአል። በደስታ የተፈታ ዘመድ መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን ያለ በደል የታሰረ መኖሩ አስቀድሞ ያሳዝናል።

በዚህ ስፍራ አንባቢያችን ግሼንና ግሸንን እንዳያምታታ እናሳስባለን። ግሼ ራቤል ያለበት የሸዋ ደጋ ነው። ግሸን ማርያም ግን በወሎ አምባሰል ያለችው፣ ግማደ መስቀሉ ያረፈባት የተቀደሰች አምባ ናት። ሆኖም ነገራችን ወደዚያችም ያደርሳል። በመካከለኛው ዘመን የነበሩት ነገሥታት ወንድሞቻቸውንና የወንድሞቻቸውን ልጆች በግሸን አምባ እያስቀመጡ ያስጠብቁ ነበር። ያ ልማድ ኢማም አሕመድ አምባዋን እስከያዘባት እስከ 1532 ዓ.ም. ገደማ ቈየ። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ደግሞ በጎንቾ እንደ ገና ታየ። ልጆች መጽሐፉን ብቻ ሳይሆን የአባቶቻቸውን ሕመም ጭምር ይወርሳሉ የምንለው ስለዚህ ነው።

የቀረውን በአጭሩ እንለፈው፤ ከብዙዎቻችሁ አልተሰወረምና። ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም.፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን በወረሩበት ጊዜ በሕመም አረፉ። ልጃቸው ምኒልክ ወደ መቅደላ ተወስደው ኖሩ፤ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው የአባታቸውን ሀገር ያዙ፤ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ጫኑ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ድል አደረጉ። ከአጋንቻ የተነሣው ቤት ከዚህ በላይ የሚወጣበት ከፍታ አልነበረውም።

ያ ታላቅ ንጉሥ ግን የሚተካቸው ወንድ ልጅ አልነበራቸውምና አሮጌው ጥያቄ ተመልሶ መጣ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ የተዋጉት ሁለት መንግሥታት አልነበሩም። በአንድ ወገን ለምኒልክ የልጅ ልጅ ለኢያሱ፣ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ መጡ፤ በሌላ ወገን ለምኒልክ ልጅ ለዘውዲቱ የሸዋ መኳንንት ቆሙ። አክስትና የእኅት ልጅ ተከራክረው ብዙ ሺህ የገበሬ ልጅ ወደቀ። ከዐሥራ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 1922 ዓ.ም.፣ የንግሥቲቱ የቀድሞ ባል ራስ ጕግሣ ወሌ በአንቺም ጦርነት ሞቱ፤ ንግሥቲቱም በሁለተኛው ቀን አረፉ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ነገሡ። በዚያው ዓመት በወጣው ሕገ መንግሥትም ዘውዱ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በተወለደው በእርሳቸው ዘር ብቻ እንዲጸና ተጻፈ።

እንግዲህ ሕግ ተገኘ፤ ጥያቄውም ተመለሰ ያሰኛል። ነገር ግን ያ ሕግ ዘውዱ ለማን እንደሚደርስ ቢወስንም፣ መሬቱና ፍሬው ለማን እንደሚደርስ ለጭሰኛው አልመለሰለትም። በ1965ና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ረኃብ በገባ ጊዜ መከራው ተሸፋፍኖ ቈየ፤ በተገለጠ ጊዜም ዙፋኑን አናወጠው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው በአንዲት ትንሽ ቮልስዋገን መኪና ተወሰዱ። ነጋሲ ከተነሣበት ቀን ጀምሮ ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ቤቱ ከዙፋን ወረደ። የሰሎሞን ልጅ ሮብዓም የሽማግሎችን ምክር ንቆ ዐሥሩን ነገድ በአንድ ቀን እንዳጣ በመጽሐፈ ነገሥት ያነበብነው፣ ከሰሎሞን ዘር እንቈጠራለን ባሉት ላይም ደረሰ።

ይህ የእኛ ሀገር ብቻ ዕጣ አይደለም። ለተማሪዎቻችን የዓለም ታሪክ ስናስተምር ፕላንታጄኔት ስለ ተባለው የእንግሊዝ ነገሥታት ቤት እንነግራቸዋለን። ስሙ ከቤቱ አባቶች አንዱ በባርኔጣው ላይ ይሰካት ከነበረች ቢጫ አበባ ያላት ቍጥቋጦ መጣ ይባላል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1154 ሁለተኛው ሄንሪ ሲነግሥ ግዛቱ ከስኮትላንድ ወሰን እስከ ደቡብ ፈረንሳይ ተራሮች ይደርስ ነበር። ነገር ግን በ1173 የገዛ ልጆቹ በእናታቸው አይዞአችሁ ባይነት ዐመፁበት። በኋላም ቤቱ ላንካስተርና ዮርክ ተብሎ ለሁለት ተከፍሎ፣ ከ1455 ጀምሮ ዘመድ ዘመዱን አረደ። በ1485 ሦስተኛው ሪቻርድ በጦር ሜዳ ሲወድቅ የቤቱ ንግሥና በዚያው አበቃ። የዚህ ንጉሥ ዐፅም በ2012 በሌስተር ከተማ ከመኪና ማቆሚያ ሥር ተቈፍሮ ወጥቶ፣ በ2015 በካቴድራል በክብር ተቀበረ። የዐፄ ኃይለ ሥላሴም ዐፅም በ1984 ዓ.ም. በቤተ መንግሥቱ ግቢ ከወለል በታች ተገኝቶ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐረፈ። በባሕር የተለያዩ ሁለት ቤቶች በመነሣታቸውም በመውደቃቸውም፣ ንጉሣቸውን ዘግይተው በመቅበራቸውም ተመሳሰሉ።

ይህን ሁሉ እያሰብን መሐል ሜዳ አድረን በማግሥቱ ወደ ጓሳ ወጣን። ጓሳ የሣሩም የስፍራውም ስም ነው። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ከፍተኛ ደጋ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይጀምራል። ጅባራው እንደ መነኵሴ ብቻውን ቆሞአል፤ ጭላዳው በመንጋ ይግጣል፤ ቀይ ቀበሮውም በሣሩ መካከል ዐይጥ ያደባል። ከዚህ ሣር የቤት ክዳን፣ ገመድና ዝናም የሚከላከል ገሳ ይሠራል። ለመንዝ ገበሬ ጓሳ ማለት ጣራ ማለት ነው፤ በድርቅ ዘመንም የከብት ነፍስ ማለት ነው።

የአቅኚዎቹ የአስቦና የጌራ ልጆች ይህን ሜዳ በጋራ ወረሱ። ሁለቱ አባቶች በፈረስ ግልቢያ ድንበራቸውን እንደ ለዩ ይነገራል። ወራሾቹ በትውልድ ብዛት እልፍ ሆኑ፤ ሆኖም ሜዳውን ቈራርሰው አልተካፈሉትም። ቄሮ የሚባል የጥበቃ ሥርዐት አቆሙ፤ አባ ቄራ የሚባል አለቃ መረጡ። ሜዳው ሣሩ እስኪደርስ ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጋል። በበጋ ሽማግሎች መክረው ሲከፍቱት ሁሉ በአንድነት ይወጣል፤ ክረምት ሲገባ ሐምሌ 5 ቀን፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል፣ ተመልሶ ይዘጋል። ሕጉን የጣሰ ይቀጣል። ሰው የሚያስረውን ነዶ ሁሉ ጎረቤቱ ያውቀዋል።

አንባቢ ሆይ፤ አስተውል። በአንድ ምድር ላይ፣ በአንድ ዘመን፣ ሁለት ሕግ በቀለ። የዘውዱ ሕግ ቀድሞ የደረሰ ይውሰድ፣ የቀረው ወደ ጎንቾ ይውረድ የሚል ነበር። የሣሩ ሕግ ግን ሁሉም ይጠብቅ፣ ሁሉም ይታገሥ፣ በተቀጠረው ቀን ሁሉም ይጨድ የሚል ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ሲታወጅ ርስቱም ቄሮውም ቀረ፤ በዚያን ጊዜ ሣሩ ያለ ጠባቂ ሆኖ ተጐዳ። የአካባቢው ሕዝብ ግን ቈይቶ ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን በአዲስ መልክ መለሰው። ከአንድ ወቅት የተነሡ ሁለት ሥርዐቶች በአንድ ዓመት ወደቁ፤ እንደ ገና የተነሣው ግን የሣሩ ነው፤ ሁሉ ድርሻ ነበረውና።

ከጓሳ ወደ ሰሜን ስንጓዝ ውለን ራቤል ደረስን። ራቤል በደጋው ጫፍ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከዚያ ወዲያ ያለው ምድር ወሎ ነው፤ ያ በ1965 ዓ.ም. የተራበው ሀገር። ማታ ከአክስታችን ቤት የነፍስ አባታቸውና ሦስት ሽማግሎች ተሰበሰቡ። አቡነ ዘበሰማያት ከተደገመ በኋላ ታላቁ ተነሥቶ፣ «ጋሼ፣ አባታችንን እስከ መቃብር የጦርሁት እኔ ነኝ፤ ማሳውም ዛፉም ለእኔ ይገባል» አለ። ታናሹም፣ «እኔ በሰው ሀገር በቀን ሥራ ለፍቼ የላክሁት ገንዘብ ይህን ቤት ቈርቈሮ አለበሰው፤ አሁን ደጁን ተከለከልሁ» ብሎ መለሰ። ሁለቱም እውነት ተናገሩ። የእርቅ ነገር የሚያስቸግረውም ስለዚሁ ነው።

እኛ ስለ በኩሬና ስለ ሣህለ ሥላሴ፣ ስለ ሰገሌም ጥቂት ነገርን። ልጆቹ ዝም ብለው ሰሙን፤ ነገር ግን ልባቸው አልተነካም፤ የነገሥታት ነገር ለእነርሱ ሩቅ ነበረ። ከዚህ በኋላ ከሽማግሎቹ አንዱ በባናቸው ተጠቅልለው ከጥግ እንደ ተቀመጡ፣ «ልጆቼ፣ ጓሳ ሲከፈት አባታችሁ ማጭዱን ይዞ ከሁሉ ፊት ሮጦ ያውቃል?» ሲሉ ጠየቁ። ታላቁ ቀና ብሎ፣ «አያውቅም፤ ቀኑን ይጠብቅ ነበር» አለ። ሽማግሌው ሌላ ቃል አልጨመሩም። በቤቱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የእሳቱ ድምፅ ብቻ ተሰማ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ለዘበ። ባሕር ዛፉ በየተራ እንዲቈረጥ፣ የመጀመሪያው ቍራጭ ለታናሹ፣ የሚቀጥለው ለታላቁ እንዲሆን ተስማሙ። እናታቸው በሕይወት እስካሉ ድረስ ከማሳው ምርት ሦስተኛው እጅ የእርሳቸው እንዲሆንም ተጻፈ። የማሳው የይዞታ ነገር ግን በዚያ ሌሊት አልተቈረጠም፤ እስከ ትንሣኤ ድረስ እንዲቈይ፣ የክሱም ወረቀት በነፍስ አባታቸው እጅ እንዲቀመጥ ሆነ። አክስታችን የገብስ እንጀራውን ቈርሰው ለሁለቱም አጐረሱ፤ ሁለቱም በአንድ ገበታ ቀረቡ። ታናሹ በዚያ ቤት አላደረም። ሲወጣ ግን የታላቁን ትከሻ ሳመ። በአንድ ሌሊት ከዚህ የበለጠ መጠበቅ አይገባም።

የክርስቲያን ቤተ ሰብ ሆይ፤ በየቤታችን ትንሽ ዘውድና ትንሽ ጎንቾ አለ። ርስት ቢሆን፣ ሱቅ ቢሆን፣ በከተማ የተሠራ አንድ ክፍል ቤት ቢሆን፣ አባት በሕይወት ሳለ ልጆቹን ሰብስቦ በግልጽ ካልተናገረ፣ ዝምታው ለልጆቹ ጦር ሆኖ ይወረሳል። ስለዚህ አባቶችና እናቶች፣ ቃላችሁን በነፍስ አባታችሁና በሽማግሎች ፊት አጽኑ፤ ሴት ልጆቻችሁን ከድርሻ አታጕድሉ። ልጆችም፣ የወላጆቻችሁ ቃል ከየት ይጀምርና ወዴት ይደርሳል ብላችሁ ሳይመሽ ጠይቁ። ቀድሞ የደረሰ ሳይሆን በቀኑ የተገኘ የሚወርስበት ቤት ይቈያል።

እኛም ለትንሣኤ ወደ ራቤል ልንመለስ ቃል ገብተናል። የዚያ ማሳ ነገር በፍቅር ይፈጸም ዘንድ በጸሎታችሁ አስቡን። እግዚአብሔር ወንድማማችን ሁሉ በአንድ ገበታ ያስቀምጥልን። አሜን።